የሰንጠረዡ ቁጥር ከምን ተሠራ?

ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ አመጣጥ ከሚነገሩት አፈ ታሪኮች መካከል የሒሳብ መምህራን አዘውትረው የሚያነሡት አንዱን ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኸሊካን እንደ መዘገበው፣ ሲሳ የተባለ ሕንዳዊ ጠቢብ ጨዋታውን ፈልስፎ ለንጉሡ ባቀረበ ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተደስተው የሚሻውን ሁሉ እንዲጠይቅ ፈቀዱለት። ጠቢቡም በሰሌዳው መጀመሪያ ቤት 1 የስንዴ ቅንጣት፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8፣ እንዲህ በየቤቱ እጥፍ እየሆነ እስከ 64ኛው ቤት የሚደርሰውን ስንዴ ብቻ እንዲሰጡት ለመነ። ንጉሡ ስጦታው አነሰብኝ ብለው ቅር ተሰኙ፤ ቅሬታው የቆየው ግን ሹማምንቱ ሒሳቡን ሠርተው እስኪመጡ ድረስ ነበር።

ጨዋታው በእኛም አገር በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲዘወተር ኖሯል። የእኛው ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የሚቀባ ሳይሆን በመስመር ብቻ የተከፋፈለ ነበር፤ ቤቶቹ ግን ያው 64 ናቸው።

ሹማምንቱ ያገኙት ድምር 18,446,744,073,709,551,615 ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ባለ20 አሃዝ ቁጥር የምንመረምረው ትልቅነቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ማንም በአንድ መስመር ሊጽፍ ይችላል። አንድን ቁጥር መሥራትና ያንኑ ቁጥር ወደ ተሠራባቸው ክፍሎች መልሶ መፍታት ምን ያህል የተለያዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ ግን ይህ ቁጥር አጉልቶ ያሳያል። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ዛሬ በኢንተርኔት ገንዘብ ስናስተላልፍ የምንተማመንበት አጥር ሆኗል።

የቁጥሩ መጠን

ድምሩን ለማግኘት ስልሳ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ መደመር አያስፈልግም። 1 + 2 = 3 ነው፤ ሦስተኛው ቤት 4 ይይዛል። 1 + 2 + 4 = 7 ነው፤ አራተኛው ቤት 8 ይይዛል። ማንኛውም ቤት ከእርሱ በፊት ካሉት ቤቶች ድምር በአንድ ይበልጣል ማለት ነው። 65ኛ ቤት ቢኖር ኖሮ 2⁶⁴ ቅንጣት በያዘ ነበር፤ ስለዚህ የ64ቱ ቤቶች ድምር ከዚያ በአንድ ያነሰ፣ ማለትም 2⁶⁴ − 1 ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሰሌዳው የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ማለትም 32ቱ ቤቶች፣ በጠቅላላው 2³² − 1 = 4,294,967,295 ቅንጣት ይይዛሉ። 1,000 የስንዴ ቅንጣት 40 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል ይህ ወደ 1,700 ኩንታል ይሆናል፤ ለአንድ ንጉሥ የሚከብድ ስጦታ አይደለም። (ይህን የአጋማሹን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ ፈጽሞ ባልጠበቅነው ቦታ እናገኘዋለን።) ሁለተኛው አጋማሽ ሲጨመር ግን ጠቅላላው ስንዴ ወደ 738 ቢሊዮን ቶን ይደርሳል። ዓለም በአሁኑ ጊዜ በዓመት የሚያመርተው ስንዴ ወደ 800 ሚሊዮን ቶን ስለ ሆነ፣ የጠቢቡን ዋጋ ለመክፈል የመላው ዓለም ገበሬ ከ900 ዓመት በላይ ማረስ ይኖርበታል።

ጠቢቡ ስንዴውን ትቶ ጤፍ ቢለምንስ? የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ናት፤ የ1,000 ፍሬ ክብደት ከ0.3 ግራም ብዙም አይርቅም። ሒሳቡ 55 ቢሊዮን ኩንታል ገደማ ይመጣል። የአገራችን የጤፍ ምርት በቅርብ ዓመታት በዓመት 55 ሚሊዮን ኩንታል አካባቢ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ አንዲት እንጀራ ሳትጋግር ለ1,000 ዓመት ያህል ብትከፍል ዕዳው ያልቃል።

የፊዚክስ ሰው ግን በዚህ ሁሉ አይደነግጥም። በ18 ግራም ውኃ ውስጥ 6.02 × 10²³ ያህል ሞለኪዩሎች አሉ። በቅንጣቶቹ ልክ የውኃ ሞለኪዩል ብንሰበስብ ክብደቱ 0.55 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች የጤዛ ጠብታ ማለት ነው። «ትልቅ» የሚለው ቃል የምን ብዛት እንደ ተቆጠረ ሳይነገር ትርጉም የለውም እያልሁ ተማሪዎቼን የምነዘንዛቸው ስለዚህ ነው።

በጊዜ ለክተን ደግሞ እንየው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ በ1883 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የሃኖይ ግንብ» የተባለውን እንቆቅልሽ አሳተመ። በመጠን የሚበላለጡ 64 ክብ ዝርግ ሰሌዳዎች ከአንድ ዘንግ ወደ ሌላ ዘንግ ይዛወራሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚነሣው አንድ ብቻ ሲሆን ትልቁ በትንሹ ላይ እንዳይቀመጥ ሕግ አለ። ሥራው ከ2⁶⁴ − 1 ባነሰ እንቅስቃሴ ሊያልቅ አይችልም። በየሰከንዱ አንድ ሰሌዳ ቢነሣ 584 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ይህም የዩኒቨርስ ዕድሜ ከሚባለው 13.8 ቢሊዮን ዓመት 42 እጥፍ ነው።

በአራት ማባዛት

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቁጥር ያለ ማስያ መሣሪያ እንዴት አሰሉት? በ1000 ዓመት ገደማ ታላቁ ሊቅ አል ቢሩኒ መንገዱን አሳይቷል። ከ16 ይነሣል። 16 በራሱ ሲባዛ 256 ነው፤ 256 በራሱ ሲባዛ 65,536፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296፤ ይህም በራሱ ሲባዛ 18,446,744,073,709,551,616 ይሆናል። ከዚህ 1 መቀነስ ብቻ ይቀራል። 16 ማለት 2⁴ ነው፤ በራሱ በተባዛ ቁጥር ርቢው እጥፍ ስለሚሆን 8፣ 16፣ 32፣ 64 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ለመሥራት አራት ማባዛት በቂ ነው። ይህን «አራት» እናስታውሰው።

በእጥፍ መቁጠር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብዙ የውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ብለው የሚጠሩት ዘዴ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን እያጋመስን (ትርፍ ግማሹን እየጣልን)፣ 24ን እያጠፍን እንሄዳለን፦ 13 እና 24፣ 6 እና 48፣ 3 እና 96፣ 1 እና 192። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር እንሰርዝና የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች እንደምር፤ 24 + 96 + 192 = 312። ዘዴው የሚሠራው 13 = 1 + 4 + 8 ስለ ሆነ ነው። በሰንጠረዡ ቋንቋ ብንናገረው፣ ከ1 እስከ 2⁶⁴ − 1 ያለ ማናቸውም ሙሉ ቁጥር አንዳንድ ቤቶችን መርጦ በመደመር ይገኛል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር አመራረጡ አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተርም ቁጥር የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። 64 ቢት ማለት «ተመርጧል» ወይም «አልተመረጠም» የሚባልባቸው 64 ቤቶች ማለት ሲሆን፣ ሁሉም ሲመረጡ የሚገኘው ትልቁ ቁጥር የጠቢቡ ቁጥር ነው። በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተባለው የኮሪያ ዘፈን ተመልካች ብዛት 2,147,483,647ን ሊያልፍ በተቃረበ ጊዜ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ለማሳደግ የተገደደው የቤቶቹ ብዛት ስላልበቃው ነው። 2,147,483,647 ከ2³¹ አንድ ያነሰ ነው፤ ሠላሳ ሁለተኛው ቤት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት የተያዘ ነበር።

ቁጥሩን መፍታት

አሁን ወደ ተቃራኒው ሥራ እንለፍ። ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ከእነዚህ ናቸው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆኖ የሚጻፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። የእኛስ ቁጥር የየትኞቹ ብዜት ነው?

መጨረሻው 5 ስለ ሆነ በ5 ይካፈላል። አሃዞቹ ሲደመሩ 87 ስለሚሆኑ በ3ም ይካፈላል። ከዚህ በኋላ ግን በዐይን የሚታይ ምልክት የለም። ሁሉንም እየሞከርን እንፈልግ ብንል፣ ሙከራው እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር፣ ማለትም እስከ 4.29 ቢሊዮን ገደማ መሄድ አለበት። በየደቂቃው አንድ ማካፈል የሚሠራ፣ የማይተኛና የማይበላ ሰው ቢገኝ ከ8,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

መፍትሔው ከዘጠነኛ ክፍል አይርቅም፦ ሀ² − ለ² = (ሀ + ለ)(ሀ − ለ)። 2⁶⁴ የ2³² ካሬ ነው፤ 1 ደግሞ የ1 ካሬ ነው። ስለዚህ

2⁶⁴ − 1 = (2³² + 1)(2³² − 1)

ይሆናል። ሁለተኛው ቅንፍ ራሱ የሁለት ካሬዎች ልዩነት በመሆኑ ወደ (2¹⁶ + 1)(2¹⁶ − 1) ይፈታል፤ እንዲህ እያለ እስከ 2 − 1 ድረስ ይወርዳል። በመጨረሻ የምናገኘው ይህ ነው፦

2⁶⁴ − 1 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

ስምንት ሺህ ዓመት ይፈጃል የተባለው ሥራ በስድስት መስመር አለቀ ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ስድስቱ ቁጥሮች ብቸኞች ስለ መሆናቸው ገና አላረጋገጥንም። 3፣ 5 እና 17 አያጠያይቁም። ለ257 እስከ 16 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ለ65,537 ደግሞ እስከ 256 ያሉትን 54 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ያስፈልጋል፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ አንዳቸውም አያካፍሉትም። ስድስተኛውስ? እዚህ ላይ አልጀብራው ዝም ይላል። መሐሉ የመደመር ምልክት ስለ ሆነ የካሬዎች ልዩነት አይረዳንም።

ፌርማ ያመነው፣ ኦይለር ያፈረሰው

ፒየር ደ ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው የነበረ ፈረንሳዊ ነው። በ1640 በጻፈው ደብዳቤ 2 ርቢው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32… እያለ እጥፍ ሲሄድ በላዩ 1 ተጨምሮ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኞች ናቸው የሚል እምነቱን ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንደሌለውም አልሸሸገም። እነዚህ ቁጥሮች ከላይ ካገኘናቸው ስድስቱ ጋር አንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በእርግጥ ብቸኞች ናቸው። ስድስተኛው፣ 4,294,967,297፣ ለ92 ዓመት ሳይነካ ቆየ።

በ1732 የ25 ዓመቱ ስዊዘርላንዳዊ ሌዎንሃርድ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ 4,294,967,297 = 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ። አንባቢ ማባዛቱን በወረቀት ይሞክረው፤ የማያደክም ነው። ጥያቄው 641 ከየት መጣ የሚለው ነው። ኦይለር ከዓመታት በኋላ ባረጋገጠው ሕግ መሠረት 2³² + 1ን የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በ64 ሲካፈል 1 መተው አለበት። ምክንያቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ 2፣ 4፣ 8… የሚሉት ርቢዎች በዚያ አካፋይ ሲካፈሉ የሚተዉት ቀሪ በየ64 እርምጃው ዞሮ ይመለሳል፤ እንዲህ ያለው ዑደት ደግሞ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል ግድ ይለዋል። ስለዚህ መሞከር የሚገባቸው 65፣ 129፣ 193፣ 257… እያሉ በ64 የሚጨምሩት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብቸኞቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ በሩን ይከፍታል።

641 ማካፈሉን ያለ ረጅም ማባዛት የሚያሳይ፣ ከኦይለር በኋላ የተገኘ ውብ ማረጋገጫም አለ። 641ን በሁለት መንገድ እንጻፈው፦ 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ 641 = 5⁴ + 2⁴ም ነው (625 + 16)። ሁለተኛውን አጻጻፍ በ2²⁸ ብናባዛው 5⁴ × 2²⁸ + 2³² የ641 ብዜት መሆኑ ይታያል። ነገር ግን 5⁴ × 2²⁸ ማለት (5 × 2⁷)⁴፣ ማለትም 640⁴ ነው። እንግዲህ 640⁴ + 2³² የ641 ብዜት ነው። በሌላ በኩል 640⁴ − 1ን በዚያው በካሬዎች ልዩነት ብንፈታው (640² + 1)(640 + 1)(640 − 1) ይሆናል፤ መካከለኛው 641 ስለ ሆነ ይህም የ641 ብዜት ነው። አንዱን ከሌላው ስንቀንስ 640⁴ ይጠፋና 2³² + 1 ይቀራል። የሁለት የ641 ብዜቶች ልዩነት ራሱ የ641 ብዜት ነው፤ ተፈጸመ።

6,700,417ስ ብቸኛ ነው? ሉካስ በ1878 የኦይለርን ሕግ አጥብቆ 64ን ወደ 128 አሳደገው። የ6,700,417 ዳግም ዘር 2,588 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ሆነው በ128 ሲካፈሉ 1 የሚተዉት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257 አያካፍለውም፤ የፌርማ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚጋሩት አካፋይ የላቸውምና። የቀሩት አራቱ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 ይተዋሉ። ስለዚህ 6,700,417 ብቸኛ ነው፤ የጠቢቡ ቁጥርም ሙሉ በሙሉ ተፈታ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417

ሰባት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን እየመረጥን በማባዛት 2⁷ = 128 አካፋዮች እናገኛለን፤ ስንዴው ያለ ቀሪ ለስንት ሰዎች እኩል ሊከፋፈል እንደሚችል የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ኮምፓስና ማስመሪያ

በመጋቢት 1796 ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ 19 ዓመት ሳይሞላው ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ባለ17 ጎን ምስል በኮምፓስና ልኬት በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ። ከጥንቶቹ ግሪኮች ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሁለት ሺህ ዓመት አዲስ ነገር አልተገኘም ነበር። የጎኖቹ ብዛት ኢ-ተጋማሽ የሆነ እኩል-ጎን ምስል በዚህ መንገድ የሚሠራው የጎኖቹ ብዛት የተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጪ እንደማይቻል ፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዘል በ1837 አረጋገጠ። እስከ ዛሬ የሚታወቁት ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 31 ብዜቶች ይወጣሉ። ትልቁ አምስቱም ሲባዙ የሚገኘው 4,294,967,295 ነው፤ በልባችን የያዝነው የሰሌዳው አጋማሽ ስንዴ! እህል ከመቁጠር የተነሣ ሐሳብ ምን ዓይነት ምስል በኮምፓስ ሊሣል ይችላል ከሚለው ጥያቄ ጋር መገናኘቱ ለእኔ ከስምንት ሺህ ዓመቱም ከሺህ ዓመቱ ጤፍም ይልቅ የሚደንቅ ነው። ዮሃን ጉስታቭ ሄርመስ የተባለ ጀርመናዊ የባለ65,537 ጎኑን ምስል አሠራር ለመጻፍ አሥር ዓመት ደክሞ በ1894 መፈጸሙንም እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ።

ሁለት ብቻ የሚርቅ ጎረቤት

ከቁጥራችን በሁለት የሚበልጠው 18,446,744,073,709,551,617፣ ማለትም 2⁶⁴ + 1 ነው። በስንዴ ቢሆን ልዩነቱ ሁለት ቅንጣት ነው። በባሕርይ ግን ሁለቱ ቁጥሮች አይተዋወቁም። አንዱን ተማሪ በስድስት መስመር ይበትነዋል፤ ሁለተኛው ለኦይለርም አልተገለጠም። በ1880 ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ የ82 ዓመት ፈረንሳዊ አዛውንት ይፋ እስኪያደርገው ድረስ ቆየ፦

274,177 × 67,280,421,310,721

የሚቀጥለው፣ 2¹²⁸ + 1፣ ባለ39 አሃዝ ሲሆን የተፈታው በ1970 በኮምፒውተር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚያምታቱት አንድ ነጥብ አለ። አንድ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅና አካፋዮቹን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ፌርማ በዚያው በ1640 ያገኘው ሌላ ሕግ እንደሚለው፣ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነና በ3 የማይካፈል ከሆነ 3ን ከቁጥሩ በአንድ ባነሰ ርቢ ከፍ አድርገን በቁጥሩ ስናካፍል ቀሪው 1 ይሆናል። ለ2³² + 1 ይህ ማለት 3ን 32 ጊዜ በተከታታይ በራሱ እያባዙ በየጊዜው ቀሪውን ብቻ መያዝ ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ቀሪ 1 አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም፤ ስለ 641 ግን ፈተናው ምንም አይነግረንም። ፌርማ የገዛ ራሱን መሣሪያ በገዛ ራሱ ግምት ላይ ቢሞክረው ኖሮ ኦይለርን ባልጠበቀ ነበር። ዛሬም በዚህ ዓይነት ፈተና ብቸኛ አለመሆናቸው የተረጋገጠ፣ ነገር ግን አንድም አካፋያቸው ያልተገኘ የፌርማ ቁጥሮች አሉ፤ ርቢያቸው 2²⁰ እና 2²⁴ የሆኑት ከእነዚህ ናቸው።

መቆለፍ ቀላል፣ መክፈት ከባድ

ይህ አለመመጣጠን ለብዙ ዘመን የሊቃውንት መዝናኛ ብቻ ነበር። በ1977 ሪቬስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች መቆለፊያ አደረጉት። ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን በምስጢር መርጠህ አባዛቸው፤ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ አሳይ። መልእክት ሊልክልህ የፈለገ ሁሉ በብዜቱ ይቆልፋል፤ የሚከፍተው ሁለቱን አካፋዮች የሚያውቅ ብቻ ነው። ማባዛቱ ለኮምፒውተር የዐይን ጥቅሻ ነው። መፍታቱ ግን፣ በ2020 ባለ250 አሃዝ የሆነ አንድ ብዜት ሲፈታ አንድ የኮምፒውተር ማቀናበሪያ ብቻውን ቢሠራው 2,700 ዓመት ያህል የሚፈጅበትን ሥራ ጠይቋል። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራባቸው ቁልፎች ባለ617 አሃዝ ናቸው።

በነገራችን ላይ የጠቢቡ ቁጥር ራሱ ለቁልፍነት አይመችም፤ ቅርጹ ምስጢሩን ያወጣበታል። የቁልፍ አካፋዮች በዘፈቀደ የሚመረጡት ለዚህ ነው። የመጠኑም ነገር ቢሆን ድሮ የነበረው ግርማ የለውም። ባለ64 ቢት ምስጢራዊ ቁልፍ ያለውን መልእክት፣ ማለትም 2⁶⁴ ሊሆኑ የሚችሉ ቁልፎችን፣ አንድ በአንድ በመሞከር ለመክፈት በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን አስተባብረው ሠርተዋል፤ ከ1,757 ቀን በኋላ በሐምሌ 2002 ትክክለኛው ቁልፍ ተገኘ። ለነገሥታቱ ግምጃ ቤት የማይቻለው ለእነርሱ አምስት ዓመት አልሞላም።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ቁጥርን መፍታት በባሕርዩ ከባድ ነው የሚል ማረጋገጫ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የምናውቀው እጅግ ብዙ ብልህ ሰዎች ፈልገው ፈጣን መንገድ እንዳላገኙ ነው፤ ካሬዎች ሲለያዩ እንደ ተከፈተው ያለ በር በሌላ ስፍራ ተሰውሮ ሊኖር ይችላል። አንድ በር እንዲያውም ታውቋል። በ1994 ፒተር ሾር የኳንተም ሜካኒክስን ሕግ ተከትሎ የሚሠራ ኮምፒውተር የቀሪዎችን ዑደት ርዝመት በፍጥነት ሊያገኝ እንደሚችል፣ ከዚያም ቁጥሩን ሊፈታ እንደሚችል አሳየ። ያ ዑደት ቀደም ሲል 641ን ለማግኘት ከረዳን ከ64ቱ ዑደት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ የሚበቃ ትልቅ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር መፍታት ክብደት ላይ ያልተመሠረቱ የመጀመሪያዎቹን አዲስ የምስጢር ደረጃዎች በነሐሴ 2024 አውጥቷል።

እጁን ማፍታታት ለሚሻ አንባቢ አንድ መልመጃ እነሆ፦ 2⁴⁸ − 1ም ባለ15 አሃዝ ቁጥር ሆኖ ሳለ ከ673 የሚበልጥ ብቸኛ አካፋይ የለውም። በካሬዎች ልዩነት እስከሚቻለው ድረስ ውረዱ። 2²⁴ + 1 ላይ ስትደርሱ ግን ቆም ብላችሁ 2²⁴ የ2⁸ ኩብ መሆኑን አስተውሉ፤ ሀ³ + ለ³ እንዴት ይፈታ ነበር?